ከካባው ሥር የቀሩት ሁለት ሕፃናት፤ የዲክንስ የገና ታሪክ በካርቱን ፊልምና በገዳሪፍ ድንበር

የገና በዓል በተቃረበበት አንድ ሳምንት፣ ዕጩ መምህራኖቼ የማስተማር ልምምድ ወደሚያደርጉበት በጎንደር ከተማ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ተማሪዎቿ እንግሊዝኛውን በጆሮአቸው እንዲለምዱት በማሰብ የካርቱን ፊልም ለማሳየት ተዘጋጅታለች። ፊልሙ የዋልት ዲስኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 የሠራው «የሚኪ የገና መዝሙር» ነው። ርዝመቱ 26 ደቂቃ ስለ ሆነ ከአንድ ክፍለ ጊዜ አያልፍም፤ የተረፈው ደቂቃም ለጥያቄና መልስ ይበቃል። ልጆቹ በስስታሙ ዳክዬ ሲስቁ ቆይተው መጨረሻ ላይ አጨበጨቡ።

መምህሪቱ «ጥያቄ ያለው?» ብላ ስትጠይቅ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ቤተሰቡ በሱዳን በገዳሪፍ ከተማ ይኖር የነበረና እዚያ ጦርነት ከተነሣ በኋላ በመተማ በኩል የተመለሰ ነው። «ቲቸር፣ ያ በምርኩዝ የሚሄደው ትንሽ ልጅ ለምንድን ነው ትምህርት ቤት የማይሄደው?» አላት። እርሷም «አሞት ስለ ነበረ ይሆናላ» ብላ መለሰችለት። ልጁ ግን «እኛ ገዳሪፍ እያለን ሳያመን ነው የቀረነው» አለ። ለዚህ መምህሪቱም እኔም የምንመልሰው አልነበረንም።

ፊልሙን ደግመን ብናየውም ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ፊልሙ የተቀዳበት መጽሐፍ ግን መልስ አለው። መልሱ የሚገኘው ወደ ካርቱን ሲለወጥ ተቆርጦ በቀረው ክፍል ውስጥ ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ታሪኩ ባጭሩ

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ «የገና መዝሙር» የተባለውን አጭር ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 1843 አሳተመ። ባለታሪኩ ስክሩጅ የሚባል የለንደን ነጋዴ ነው። ገንዘብ እንጂ ሰው አይወድም። ቦብ ክራቺት የሚባለውን ጸሐፊውን በሳምንት 15 ሽልንግ እየከፈለ በብርድ ክፍል ውስጥ ያሠራዋል። በገና ዋዜማ ለድሆች ርዳታ የሚለምኑ ሁለት ሰዎች ወደ ቢሮው ሲመጡ፣ እስር ቤቶችና የድሆች ማጎሪያዎች እያሉ እርሱ ለምን እንደሚጠየቅ በመገረም ይመልሳቸዋል። ወደዚያ ከመግባት ሞትን የሚመርጡ ካሉም ይሙቱና የተትረፈረፈውን የሕዝብ ቁጥር ይቀንሱ የሚል ነው አስተያየቱ።

በዚያች ሌሊት የሞተው የንግድ ሸሪኩ ማርሊ በሰንሰለት ታስሮ ይገለጥለታል። ከእርሱም በኋላ ያለፈው ገና፣ የዛሬው ገናና የሚመጣው ገና መናፍስት በየተራ ይመጣሉ። ስክሩጅ ልጅነቱን፣ የጸሐፊውን የድህነት ኑሮና በሽተኛውን የክራቺትን ልጅ ትንሹን ቲምን፣ በመጨረሻም የራሱን መቃብር ያያል። ሲነጋ ልቡ ተለውጦ ይነሣል፤ ለክራቺት ቤተሰብ ለገና የሚሆን ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ ይልካል፤ ደመወዙን ይጨምርለታል፤ ለትንሹ ቲምም እንደ ሁለተኛ አባት ይሆነዋል።

ይህን ያህሉ በካርቱኑም ይገኛል። መጽሐፉ ግን በሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ አንድ ተጨማሪ ትዕይንት አለው። የዛሬው ገና መንፈስ ሊሰናበት ሲል ስክሩጅ ከረጅሙ ካባው ሥር የወጣ አንድ ነገር ያይና ምን እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። መንፈሱ ካባውን ሲገልጥ ሁለት ከሲታ፣ ቡቱቶ የለበሱ፣ ፊታቸው እንደ ሽማግሌ የተጨማደደ ሕፃናት ይታያሉ። አንዱ ወንድ ነው፤ ስሙ ድንቁርና። አንዷ ሴት ናት፤ ስሟ እጦት። የመንፈሱ ልጆች እንዳይደሉ፣ ነገር ግን የሰው ልጆች እንደ ሆኑ ይነግረዋል። ሁለቱንም እንዲፈራቸው፣ ይበልጥ ግን ወንዱን ልጅ እንዲፈራ ያስጠነቅቀዋል። ስክሩጅ ደንግጦ መጠጊያ የላቸውም ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ መንፈሱ በቀን ለለማኞቹ የሰጠውን መልስ እርሱ ራሱ ስለ እስር ቤትና ስለ ማጎሪያ የተናገረውን መልሶ ያሰማዋል። ወዲያው ደወሉ 12 ሰዓት ይመታና ሁሉም ይሰወራል።

ድርሰቱ የተወለደበት ዘመን

ይህ ትዕይንት ለማስፈራራት ብቻ የገባ አይደለም። ታሪኩ እንዲጻፍ ምክንያት የሆነው ጉዳይ ራሱ ነው ማለት ይቻላል።

ዲክንስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1812 ነው። በ12 ዓመቱ አባቱ በዕዳ ምክንያት ማርሻልሲ ወደሚባለው እስር ቤት ሲገቡ፣ እርሱ በአንድ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ በዕቃዎች ላይ ወረቀት እየለጠፈ በሳምንት 6 ሽልንግ ያገኝ ነበር። ይህን የሕይወቱን ክፍል እስኪሞት ድረስ ለሕዝብ አልገለጠውም። ትምህርት የተከለከለ ልጅ ምን እንደሚሰማው ግን ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር።

በ1843 መጀመሪያ በእንግሊዝ ስለ ሕፃናት ሥራ የሚመረምረው የመንግሥት ኮሚሽን ሁለተኛ ሪፖርቱን አወጣ። በየፋብሪካው ገና በልጅነታቸው ረጅም ሰዓት ስለሚሠሩ፣ ፊደል ስለማያውቁ ሕፃናት የሚገልጥ ሪፖርት ነበር። ዲክንስ ይህን አንብቦ በድሀው ልጅ ስም ለእንግሊዝ ሕዝብ ይግባኝ የሚል በራሪ ጽሑፍ ለማሳተም አሰበ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ሐሳቡን አቆየው፤ ዓመቱ ሳያልቅ ከዚህ እጅግ የበለጠ ኃይል ያለው ነገር እንደሚያቀርብ ለወዳጁ ጻፈ።

በሴፕቴምበር ወር በለንደን ሳፍሮን ሂል በተባለው የድሆች ሰፈር የሚገኘውን የፊልድ ሌን ትምህርት ቤት ጎበኘ። እንዲህ ያሉት ትምህርት ቤቶች «የቡቱቶ ለባሾች ትምህርት ቤት» ይባሉ ነበር። ሌላ ትምህርት ቤት የማይቀበላቸውን የጎዳና ልጆች በነፃ ያስተምራሉ። ኦክቶበር 5 ቀን ደግሞ ማንችስተር በተባለው የፋብሪካ ከተማ ለሠራተኞች ትምህርት በተቋቋመ ማኅበር ስለ ትምህርት ጥቅም ንግግር አደረገ። ከዚያ ወዲያ መጻፍ ጀምሮ በስድስት ሳምንት ገደማ ጨረሰው። የታተሙት 6,000 ቅጂዎች እስከ ገና ዋዜማ ተሸጠው አለቁ።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ለተማሪዎች ማሳየት ይጠቅማል። የመጽሐፉ ዋጋ 5 ሽልንግ ነበር። ይህም የቦብ ክራቺት የሳምንት ደመወዝ አንድ ሦስተኛ ነው። ስለ ድሀው የተጻፈውን መጽሐፍ ድሀው ሊገዛው አይችልም ነበር ማለት ነው።

የሥዕል ባለሙያው ጆን ሊች ለመጽሐፉ ከሠራቸው ስምንት ሥዕሎች አንዱ ሁለቱን ሕፃናት ያሳያል። ከበስተኋላቸው የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ተሥሏል።

በዚያው ጊዜ፣ ማለትም በ1836 ዓ.ም. ግድም፣ አገራችን በዘመነ መሳፍንት ላይ ነበረች። በምሥራቅ ሱዳን የግብፅ ገዥዎች እ.ኤ.አ. በ1840 ከሰላን በጦር ሰፈርነት ቆርቁረው ነበር። ከመተማ ወዲህ በቋራ ቆላ ደግሞ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሳ ኃይሉ ገና ዙፋን ያልያዙ ወጣት ነበሩ። ዛሬ ስደተኞች የሚመላለሱበት ድንበር ያን ጊዜም የጦር መንገድ ነበር።

ከመጽሐፍ ወደ ካርቱን

ታሪኩ ከመጽሐፉ ለመውጣት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1844 በለንደን ቲያትር ቤቶች መታየት ጀመረ። በ1901 እንግሊዞች አጭር ድምፅ አልባ ፊልም አደረጉት።

ወደ ካርቱን የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ለማያውቅ ተማሪ እንደሚከተለው ማስረዳት ይቻላል። ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ሥዕሎችን ያሳልፋል። ዓይናችን አንዱን ከሌላው ለይቶ ማየት ስለማይችል ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ ይመስለናል። ስለዚህ 26 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም 37,440 ሥዕሎችን ያሳልፋል። አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እያነሡ ሥራውን በግማሽ ቢቀንሱት እንኳ ከ18,000 በላይ ይሆናል። በኮምፒዩተር መሥራት ከመለመዱ በፊት ይህ ሁሉ በእጅ የሚሣል ነበር። እንዲህ ያለ ድካም ባለበት ሥራ አንድ ትዕይንት ሲጨመርም ሲቀነስም ታስቦበት ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1962 ሚስተር ማጉ የተባለው ዓይነ ደካማ የካርቱን ሰው ስክሩጅን ሆኖ የተጫወተበት ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። በዘፈን የታጀበና መናፍስቱ የሚመጡበትን ተራ ያለዋወጠ ሥራ ነው። በ1971 ሪቻርድ ዊሊያምስ በእንግሊዝ 25 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሌላ ፊልም ሠራ። ይህ ባለሙያ የጆን ሊችን የመጀመሪያ ሥዕሎች መነሻ አድርጎ፣ ጨለማውንና ጭሱን ሳይሸሽግ አቀረበው። የ1972 የአጭር ካርቱን ፊልም የኦስካር ሽልማትንም አገኘ። በዚህ ፊልም ውስጥ ድንቁርናና እጦት ከካባው ሥር ወጥተው ይታያሉ።

ከእነዚህ ሁሉ በልጆች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ግን የ1983ቱ የዲስኒ ፊልም ነው። ስክሩጅን ሆኖ የሚጫወተው ዳክዬ ራሱ ስሙን ያገኘው ከዲክንስ ባለታሪክ ሲሆን የተፈጠረው በ1947 ነው። ሚኪ ማውስ ጸሐፊውን ክራቺትን፣ ጉፊ ማርሊን፣ ግዙፉ ዊሊ የዛሬውን ገና መንፈስ ሆነው ይጫወታሉ። ፊልሙ ለኦስካር ታጭቶ ነበር፤ ሥዕሉም ቀልዱም ጥሩ ነው። ነገር ግን ግዙፉ ዊሊ ካባውን ሲገልጥ ከሥሩ የሚወጡ ሕፃናት የሉም።

ለምን ቀሩ? አንዳንድ ሰው ጊዜ ስለማይበቃ ነው ይል ይሆናል። ይህ አያስኬድም። የዊሊያምስ ፊልም ከዲስኒው በአንድ ደቂቃ ያህል ቢያንስ እንጂ አይበልጥም፤ ሕፃናቱ ግን አሉበት። ሌላው ደግሞ ልጆችን ያስፈራል ይል ይሆናል። የዲስኒው ፊልም ግን ስክሩጅን እሳት ከሚተፋ መቃብር ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ያሳያል። እንደ እኔ አስተያየት ምክንያቱ ሌላ ነው። ትንሹ ቲም አንድ ልጅ ነው፤ አንድ ባለጸጋ ልቡ ከተለወጠ ይድናል፤ ፊልሙም በደስታ ያልቃል። ድንቁርናና እጦት ግን በአንድ ወፍ ስጦታ አይድኑም። ትምህርት ቤት፣ ሕግና በጀት ይጠይቃሉ። በዓል ለማድመቅ ለተሠራ ፊልም ይህ አይመችም።

የገዳሪፍ ድንበር

ገዳሪፍ ከመተማ ድንበር 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ናት። ዙሪያዋ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ እርሻ የተጀመረው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አካባቢው የሱዳን ጎተራ ለመባል በቅቷል። ከኢትዮጵያም በየዓመቱ የአጨዳ ወቅት ሲደርስ አያሌ የቀን ሠራተኞች ይሄዳሉ። በዚህ በእህል አገር ነው ሁለቱ ሕፃናት በተደጋጋሚ የታዩት።

መጀመሪያ በ1977 ዓ.ም. ነው። በድርቅና በጦርነት ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከትግራይ በእግራቸው ተጉዘው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ። ወድ ኮውሊ የተባለው መጠለያ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞላ። በረኀብ ላይ ኩፍኝ ተጨምሮ ብዙ ሕፃናትን ፈጀ። በኡም ራኩባና በገዳሪፍ አጠገብ በምትገኘው ተዋዋ ደግሞ ከጎንደር አካባቢ የተሰደዱ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ 8,000 የሚያህሉት በምስጢር ወደ እስራኤል ተወሰዱ። የመጨረሻው ቀን ከእኛ ገና በሁለት ቀን የሚቀድም ነበር። በመንገድና በመጠለያ ያለቁት ግን በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው።

በዚያው በዲሴምበር 1984 የዲስኒው ፊልም በአሜሪካ ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በዚያው ወር የእንግሊዝ ዘፋኞች ለኢትዮጵያ ረኀብተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ የገና ዘፈን አወጡ፤ ብዙ ገንዘብም ተሰበሰበ። እንግዲህ በአንድ ወር ውስጥ የዓለም ልጆች ሁለቱ ሕፃናት የሌሉበትን ፊልም ሲያዩ፣ ሁለቱ ሕፃናት ራሳቸው በወድ ኮውሊ አሸዋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ለእጦት እህል ተላከላት። ድንቁርና ግን ከእርሷ አጠገብ መቀመጡን ያስተዋለው ጥቂት ሰው ነው።

ሁለተኛው ጊዜ በ2013 ዓ.ም. ነው። በኅዳር ወር በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ስደተኞች የተከዜን ወንዝ ተሻግረው በሐምዳይት በኩል ወደ ሱዳን ገቡ። በጥቂት ወራት ውስጥ ቁጥራቸው ከ60,000 በላይ ሆነ። ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ኡም ራኩባ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ተከፈተ። የ1977ቱን ስደት በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያው አካባቢ ተመለሱ። በታኅሣሥ 29 ገና በድንኳኖች መካከል ተከበረ። ለልጆች ጊዜያዊ የመማሪያ ዳሶች ሲሠሩም ከስደተኞቹ መካከል የነበሩ መምህራን ጠመኔ አነሡ።

ሦስተኛው ጊዜ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የጀመረው የሱዳን ጦርነት ነው። አሁን የስደቱ አቅጣጫ ተገለበጠ። ሱዳናውያንና በዚያ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ መጡ። ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች የተፈናቀሉ ደግሞ ገዳሪፍን ሞሉት። በገዳሪፍ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃዮች መኖሪያ ሆኑ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍና ሴቭ ዘ ችልድረን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 እንዳስታወቁት፣ በመላ ሱዳን 19 ሚሊዮን የሚያህሉ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነው ነበር። ሳያመው ከትምህርት የቀረው የጎንደሩ ተማሪያችን ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ከእነዚህ ሦስት ጊዜያት አንድ ነገር እንማራለን። ችግር ሲመጣ በመጀመሪያ እህል ይደርሳል፤ ቀጥሎ መድኃኒት፤ ሰሌዳና መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ኋላ ነው። ሕይወት ማዳን መቅደሙ ተገቢ ነው። ይሁንና ዲክንስ ከልጅቱ ይልቅ ልጁን እንድንፈራ ያስጠነቀቀበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገባናል። እጦትን አንድ ጥሩ መኸር ሊያስታግሳት ይችላል። ድንቁርና ግን ከልጁ ጋር ያድጋል፤ አባት ይሆናል፤ ጠመንጃም ይይዛል። ከዚያም የሚቀጥለውን ስደት ያመጣል።

የእኛ ገናና የመምህሩ ሥራ

አንዳንድ መምህራን «የፈረንጅ ገና ለእኛ ምናችን ነው?» ይሉ ይሆናል። እኛም የራሳችን አለን። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ፤ ጌታ በሎሌው ዱላ ቢመታ እንኳ በዚያ ቀን እንዳይቆጣ ባህሉ ያዘዋል። ስክሩጅና ክራቺት በሦስት መናፍስት ኃይል የደረሱበትን እኩልነት የእኛ ገበሬ በሩርና በዱላ ለአንድ ቀን ሲያሳየው ኖሯል። ተረት ለልጅ መንገርም አዲስ ነገር አይደለም። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ቴሌቪዥን በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ፣ ተረቱን ያለ ምክር አይጨርሱትም ነበር።

ስለዚህ እኔ የምለው ፊልሙ አይታይ አይደለም። ይታይ፤ ልጆች ይሳቁበት። ፊልሙ ሲያልቅ ግን መምህሩ የጎደለውን ይሙላ። የመምህር ሥራ ፊልሙ የማይጨርሰውን መጨረስ ነውና።

ዕጩ መምህሪቱ ይህንኑ አደረገች። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የሁለቱን ሕፃናት ትዕይንት በአማርኛ ተረከችላቸው፤ የጆን ሊችንም ሥዕል በሰሌዳ ላይ ለጠፈች። ያ ልጅ እንደገና እጁን አውጥቶ «በመጨረሻ ትምህርት ቤት ገቡ ወይ?» ሲል ጠየቀ።

መጽሐፉ ለዚህ መልስ የለውም። ትንሹ ቲም መዳኑ ተነግሯል፤ ድንቁርናና እጦት ግን ደወሉ ከተመታ በኋላ ዳግመኛ አይነሡም። መልሱን የሰጠው ከብዙ ጊዜ በኋላ የወጣ ሕግ ነው። መጽሐፉ ከታተመ 27 ዓመት ቆይቶ፣ ዲክንስ በሞተ በሁለት ወሩ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1870 ግድም በእንግሊዝ በየአካባቢው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ታወጀ። በ1880 ደግሞ ትምህርቱ እስከ 10 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ግዴታ ሆነ። መምህሪቱም ለልጁ «እነርሱ ገቡ፤ ግን 37 ዓመት ፈጀ» ብላ መለሰችለት። እኛ በገዳሪፍና በመተማ ግራና ቀኝ ላሉት ልጆች ይህን ያህል ዘመን ጠብቁ ልንላቸው አንችልም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ስክሩጅ ለድሆች ገንዘብ ባይሰጥም ለመንግሥት ግብር ይከፍላል። «ግዴታዬን ተወጥቻለሁ» ቢል ትክክል ነው? ምክንያታችሁን ዘርዝሩ።
2. የዊሊያምስና የዲስኒ ፊልሞች ከሞላ ጎደል እኩል ርዝመት አላቸው። አንዱ ሁለቱን ሕፃናት ሲያሳይ ሌላው ለምን የተወ ይመስላችኋል?
3. በ1977፣ በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. ከተከሰቱት ስደቶች አንዱን የሚያስታውስ ሰው በአካባቢያችሁ ፈልጉ። ትምህርቱን ስንት ዓመት እንዳቋረጠና እንዴት እንደ ቀጠለ ጠይቃችሁ ጻፉ።
4. መንፈሱ ከእጦት ይልቅ ድንቁርናን እንድንፈራ ያስጠነቅቃል። በዚህ አሳብ የማይስማማ ተማሪ ካለ ተነሥቶ ይከራከር።